በረሃን በሣጥን ውስጥ

ላም ጋጣዋን፣ ዶሮ ቆጧን፣ ንብ ቀፎዋን ታውቃለች። እነዚህን ለማኖር ገበሬ መጽሐፍ ማገላበጥ አላስፈለገውም፤ የሚተነፍሰው አየርና የሚሞቀው ፀሐይ የእሱም የእንስሳቱም ነውና። ጣራ ከዝናብ፣ አጥር ከጅብ ከጠበቀለት፣ ቀሪውን ተፈጥሮ ራሷ ታሟላለታለች። ነገሩ የሚከብደው እንስሳው አየሩንም ፀሐዩንም ትቶ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቱ ግድግዳና ክዳን ብቻ ሳይሆን ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት፣ ንጋትና ምሽት ጭምር መሥራት ይጠበቅበታል።

ይህን ከሚጠይቁ እንስሳት አንዱ በአውስትራሊያ መካከለኛ ምድር የሚኖረው ጺማም እንሽላሊት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ቢርድድ ድራገን»፣ በቁልምጫም «ቢርዲ» ይሉታል። ዘንዶ መባሉ ግን ለቀልድ የቀረበ ነው፤ ያደገው እንኳ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ቢለካ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከዚያም ግማሽ ያህሉ ጅራት ነው። ጺም የተባለው ከአገጩ ሥር የተደረደረው እሾህ መሰል ቅርፊት ሲሆን፣ ሲቆጣ ወይም ሲፈራ ይነፋዋል፤ ያጠቁረዋልም። የሳይንስ ስሙ ፖጎና ቪቲሴፕስ ይባላል፤ በሳይንስ ጽሑፍ መጀመሪያ የገለጸው ጀርመናዊው ኤርንስት አል ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1926 ነበር።

በዱር ሳለ ይህ እንስሳ የዕለት ተግባሩ ሙቀት መሸመት ነው። እንደ ሰውና እንደ ከብት በቂ ሙቀት ከውስጡ አያመነጭም። ስለዚህ ማለዳ ከድንጋይ፣ ከግንድ ወይም ከአጥር እንጨት ላይ ወጥቶ፣ ሰውነቱን ጠፍጣፋ አድርጎ፣ ቆዳውንም አጥቁሮ ፀሐይ ይሞቃል። ሰውነቱ ሲግል ቆዳው ይነጣል። ሙቀቱ ሲበዛበት አፉን ይከፍታል፤ ከዚያም ወደ ጥላ ወይም ወደ ጉድጓድ ይገባል። በዚህ ዓይነት ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ እየተመላለሰ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ ይመዝናል። ሰው ቤት ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚያጣው ይህን ምርጫ ነው። እንግዲህ ለጺማም እንሽላሊት ደህና ቤት መሥራት ማለት ይህን ምርጫ መልሶ መስጠት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በሜልቦርን ከተማ፣ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ በሚታይበት በፉትስክሬይ ሠፈር፣ አንድ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ይህን እንስሳ ወደ ቤቱ አስገባ። የጠየቀው የ11 ዓመቱ ልጅ ነበር። አባት መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ በመጨረሻም «ኃላፊነቱ ያንተ ነው» ብሎ ፈቀደ። በጊዜው የቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ሕግ ፈቃድ ይጠይቅ ስለነበር ፈቃዱ በአባት ስም ወጣ። አባትየውን ያስገረመውም ይኸው ነበር፤ እንስሳው የምድሩ ተወላጅ ሆኖ ሳለ ወረቀት ያስፈልገዋል። ምክንያቱን ሲረዳ ግን መገረሙ ቀነሰ። እንስሳውን ከዱር መያዝ ክልክል በመሆኑ፣ ሰው ቤት የሚገኘው ሁሉ በሰው እጅ ከተዋለዱት ወገን መሆኑ መታወቅ አለበት። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የዱር እንስሶቿን ለንግድ ወደ ውጭ መላክን ከልክላለች። ይሁን እንጂ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤቶች የሚታዩት ጺማም እንሽላሊቶች ሁሉ የዘር ሐረጋቸው ከዚያው በረሃ ይመዘዛል፤ ቅድመ አያቶቻቸው በስውር እንደወጡም በብዙዎች ዘንድ ይታመናል።

ልጁ ሣጥኑን ያሰናዳው ተጠንቅቆ ነበር። ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ቁመቱ 60፣ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ፊቱ መስታወት፣ ጎኖቹ እንጨት የሆኑ ሣጥን ነው። ለአንድ ያደገ እንስሳ ከዚህ ያነሰ አይመከርም። ርዝመቱ የሚያስፈልገው ለጌጥ ሳይሆን አንዱን ጫፍ አግሎ ሌላውን ጫፍ ቀዝቃዛ ለማድረግ ነው። በአንዱ ጫፍ ካለው መብራት ሥር፣ እንስሳው በሚቀመጥበት ግንድ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ በሌላው ጫፍ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ባለው መጠን ይቆያል። ሣጥኑ ባጭሩ ከተሠራ ሁሉም ጎን አንድ ዓይነት ይግላል፤ እንስሳውም መሸሻ ያጣል። ሣጥኑ የተቀመጠው ሳሎን ውስጥ፣ ከማብሰያው አጠገብ ነበር፤ ከቤቱ ሁሉ ሞቅ የሚለው ስፍራ እሱ ነውና።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በዚህ ቤት ሴት ልጅ ተወለደች። አራሷን ለመንከባከብም እናቷ ከደብረ ብርሃን ተነሥተው በሐምሌ ወር ሜልቦርን ገቡ። የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ አይገርመውም፤ ሐምሌም በሁለቱም ሀገር ክረምት ነው። ያስገረማቸው ሌላ ነበር። የቤቱ ሰው ሹራብ ደራርቦ፣ እሳቸውም ጋቢያቸውን ተከናንበው በተቀመጡበት ሳሎን፣ ከጥግ ያለው ሣጥን እንደ ምድጃ ይግላል፤ ከውስጡም አንድ እሾሃማ ፍጥረት ዐይኑን ከድኖ ፀሐይ ይሞቃል።

«ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብለው አማቻቸውን ጠየቁ።

«እንሽላሊት ነው፣ እማማ። የልጁ ነው። ምንም አያደርግም።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር! አራስና ጨቅላ ባሉበት ቤት እንሽላሊት? በሉ አውጡልኝ።»

አባት ነገሩን እንደ ሀገር ቤት ፍርሃት ቆጠረው። በደጋው ሀገር እስስትንና እንሽላሊትን የሚጸየፍ ሰው ብዙ ነው፤ ስለ እነርሱ የሚነገረውም ከሚታወቀው ይበልጣል። ጺማሙ እንሽላሊት መርዝ የለውም፤ በቀላሉም አይናከስም፤ ከእጅ ላይ ተቀምጦ ዝም የሚል ገራም እንስሳ ነው። ይህንን ሁሉ ለአማቱ በትሕትና ለማስረዳት ሞከረ። እሳቸውም በዝምታ ሰሙትና፣ «አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ግን ሕፃኗን እዚህ ሳሎን አላስተኛትም» አሉ።

ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ እናት ልጇን ለማስመዘን ወደ ጤና ጣቢያ ስትወስድ፣ ነርሷ እንደ ልማዷ ስለ ቤቱ ሁኔታ ጠየቀች፤ የሚያጨስ አለ ወይ፣ ሕፃኗ የምትተኛው የት ነው፣ በቤት ውስጥ እንስሳ አለ ወይ። «እንሽላሊት አለ» የሚለውን መልስ ስትሰማ የያዘችውን ብዕር አስቀመጠች። የተናገረችው ቃል በምክንያቱ እንጂ በድምዳሜው ከአያትየው ቃል የተለየ አልነበረም።

ምክንያቱ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። እንሽላሊት፣ ኤሊና እባብ ይህንን ባክቴሪያ በአንጀታቸው ይዘው፣ ራሳቸው ሳይታመሙ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊኖሩ ይችላሉ። ከኩሳቸው ጋር ወጥቶ በቆዳቸው፣ በሣጥናቸው፣ በውኃ መጠጫቸው ላይ ይቀራል። ከዚያ ወደ ሰው እጅ፣ ከእጅ ወደ በር እጀታ፣ ወደ ጡጦ፣ ወደ ሕፃን አፍ ይሻገራል። በመሆኑም ሕፃን ለመታመም እንስሳውን መንካት አያስፈልጋትም፤ የነካው ሰው ሳይታጠብ ቢያቅፋት ይበቃል። በጤነኛ ጎልማሳ ላይ ተቅማጥና ትኩሳት ሆኖ የሚያልፈው ሕመም፣ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት፣ ከ65 ዓመት በላይ ባሉ አረጋውያንና የሰውነት መከላከያቸው በደከመ ሰዎች ላይ ይጸናል፤ ወደ ደም፣ አንዳንዴም ወደ አንጎል ሽፋን ሊደርስ ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 የጀርባ ድንጋይዋ ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያነሰ ኤሊ እንዳይሸጥ የከለከለው በዚሁ ባክቴሪያ ሰበብ ነው፤ ትንንሾቹን ኤሊዎች ሕፃናት ወደ አፋቸው ይከቷቸው ነበርና። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባለበት ቤት እንዲህ ያሉ እንስሳት ባይኖሩ እንደሚመረጥ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነበር። በዚያ ቤት የአንድ ወር ጨቅላ አለች፤ 68 ዓመት የሞላቸው አያት አሉ፤ ሣጥኑም ከማብሰያው አጠገብ ነው። የአያትየው ፍርሃት ስም አልነበረውም እንጂ ስፍራውን አልሳተም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ከባዱ ለልጁ መንገር ነበር። አባት ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ ነርሷ ያለችውን አንድ በአንድ ነገረው። ልጁ አላለቀሰም። «እጄን ብታጠብስ?» አለ፤ «ሣጥኑን መኝታ ቤቴ ባስገባውስ?» አለ። እነዚህ መልካም ሐሳቦች ናቸው፤ ነገር ግን ቤቱ ሁለት መኝታ ቤት ብቻ ያለው፣ መታጠቢያውም አንድ ብቻ የሆነ ጠባብ ቤት ነው። የ11 ዓመት ልጅ ደግሞ ቃሉን ለመጠበቅ የቱንም ያህል ቢተጋ፣ ቸኩሎ ሳይታጠብ እኅቱን የሚያቅፍበት አንድ ቀን አይጠፋም። አደጋው ያለው በዚያ በአንዱ ቀን ነው።

የተገኘው መፍትሔ መለያየት ነበር። ከፉትስክሬይ በስተምዕራብ፣ በባቡር ጥቂት ጣቢያዎች አልፎ፣ ሰንሻይን የሚባል ሠፈር አለ፤ ትርጉሙም የፀሐይ ብርሃን ማለት ነው። የአባትየው አብሮ አደግ እዚያ ብቻውን ይኖራል፤ ልጁ «ጋሼ» ይለዋል። ጋሼም በስሙ ፈቃድ አውጥቶ እንስሳውን ተቀበለ። ልጁ በየቅዳሜው ከአባቱ ጋር በባቡር እየሄደ ሣጥኑን ያጸዳል፣ ጎመን ይከትፋል፣ ፌንጣ ያበላል። ወደ ቤት ሲመለስ ልብሱን ለውጦ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው እኅቱን የሚያቅፋት። አያትየው ከበሩ ቆመው ይጠብቁታል፤ «እጅህን አሳየኝ» ይሉታል። ከሳሎኑ የተነሣውን ሣጥን ስፍራ በበረኪና ያጸዱት፣ ማንም ሳያዛቸው፣ እሳቸው ነበሩ።

ከዓመት በኋላ ይህ ሥርዓት ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ የሜልቦርን ነዋሪ ያለ በቂ ምክንያት ከቤቱ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ታገደ። ሰንሻይን ከዚያ ይርቃል። እንሽላሊት መጠየቅ ደግሞ በቂ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ ጋሼ ከዚያ ቀን ድረስ በአደራ ብቻ ያኖረውን እንስሳ አሁን መንከባከብ ሊማር ግድ ሆነበት፤ መምህሩም በስልክ የሚያስተምረው የ12 ዓመት ልጅ ነበር።

«ጋሼ፣ የቀዝቃዛው ጫፍ ስንት ይላል?»

«ሠላሳ ሦስት።»

«በዝቷል። እባክህ የላይኛውን መስኮት ክፈትለት። መቆጣጠሪያውን ሁለት ዲግሪ ዝቅ አድርገው።»

ልጁ ያስተማረው ትምህርት ለማንኛውም ጺማም እንሽላሊት ለሚያኖር ሰው የሚሆን ነው። በመጀመሪያ፣ ቴርሞሜትር አንድ ብቻ አይበቃም፤ አንዱ በሙቁ፣ ሌላው በቀዝቃዛው ጫፍ መሆን አለበት። የሙቀት መብራቱ ቴርሞስታት በሚባለው መቆጣጠሪያ በኩል ይያያዛል፤ አለዚያ በሞቃት ቀን ሣጥኑ እየጋለ ሄዶ ማቆሚያ አይኖረውም። መብራቱ በብረት ወንፊት ይሸፈናል፤ እንስሳው ዘሎ ቢይዘው ይቃጠላልና። መብራት ማንጠልጠያው የላላ ከሆነና ደረቅ ነገር ላይ ከወደቀ ቤቱን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከክዳኑ ጋር በብሎን ይታሰራል እንጂ በሽቦ አይንጠለጠልም። ከታች በኤሌክትሪክ የሚግሉ ሰው ሠራሽ ድንጋዮች መቅረት አለባቸው። ይህ እንስሳ ሙቀትን ከላይ ከፀሐይ ለመቀበል የተፈጠረ ነው፤ ሆዱ ሲቃጠል ቶሎ አይሸሽም። ሌሊት ደግሞ ብርሃን አያስፈልገውም፤ ቀይ መብራት እንኳ እንቅልፉን ይረብሻል። በረሃም ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ሣጥኑ ወደ 18 ወይም 20 ዲግሪ ቢወርድ ጤነኛውን እንስሳ አይጎዳውም።

ሣጥኑ የሚቀመጥበት ስፍራም ሊታሰብበት ይገባል። «የበረሃ እንስሳ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ላውጣው» ብሎ የመስታወቱን ሣጥን ከመስኮት ሥር የሚያደርግ ሰው ሳያውቀው ምድጃ ውስጥ ያስገባዋል። መስታወት ሙቀትን አስገብቶ ያፍነዋል። ሜልቦርን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 በ46.4 ዲግሪ የተቃጠለች ከተማ ናት፤ እንዲህ ባለው ቀን የሚያስጨንቀው ማሞቅ ሳይሆን ማቀዝቀዝ ነው። በዱር ያለው እንስሳ በዚያ ቀን ጉድጓድ ይገባል፤ የሣጥኑ እንስሳ ግን ጉድጓዱ ባለቤቱ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ብርሃን ነበር፤ ጋሼን ያስቸገረውም ይህ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ከሙቀት መብራቱ ሌላ አንድ ረጅም ዱላ መሰል መብራት አለ። ይህ አልትራቫዮሌት ቢ የተባለውን ጨረር ይሰጣል። ጨረሩ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ቫይታሚን ዲ 3ን ይሠራል፤ ቫይታሚኑም ከምግብ የተገኘውን ካልሲየም ወደ ሰውነት ለማስገባት ይረዳል። ጨረሩ ከጠፋ አጥንት ይለሰልሳል፤ መንጋጋው ይንቀጠቀጣል፤ እግሩ ይጎብጣል፤ መጨረሻውም ሞት ነው። ልጁ በስልክ «ጋሼ፣ ዱላው መብራት ይቀየር፤ ዓመት ሞልቶታል» ሲለው፣ ጋሼ «ምን ነካህ፣ ደህና ይበራል እኮ!» አለው።

ይበራል። መብራቱ ለዐይን እንደ ቀድሞው ያበራል፤ በዐይን የማይታየው ጨረር ግን ከመብራቱ ብርሃን ቀድሞ ይደክማል። እንደየዓይነቱ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር ያለበትም ለዚህ ነው። በተጨማሪም በእንስሳውና በመብራቱ መካከል መስታወት መኖር የለበትም፤ መስታወት ጨረሩን ያስቀረዋልና። ጥቅጥቅ ያለ ወንፊትም ኃይሉን ይቀንሰዋል።

ይህ ነገር በፉትስክሬይም ቤት አንድ ወሬ አስነሣ። አያትየው በመጡበት ክረምት፣ በሀገራቸው ልማድ መሠረት፣ ሕፃኗን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሊያሞቋት ይሞክሩ ነበር። ውጪው ስለሚበርድ ግን ከተዘጋው መስኮት ጀርባ ይዘዋት ይቀመጡ ነበር። ለእንሽላሊት እውነት የሆነው ለሰውም እውነት ነው፤ ከመስታወት ጀርባ ያለ ፀሐይ ገላን ያሞቃል እንጂ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም። ሪኬትስ የሚባለው የሕፃናት አጥንት መለስለስና የእንሽላሊቱ ሕመም የአንድ ጉድለት ሁለት መልኮች ናቸው። በሜልቦርን ክረምት ውጪ ያለው ፀሐይ ራሱ ደካማ ስለሆነ፣ ነርሷ ለሕፃኗ የቫይታሚን ጠብታ አዝዛላት ነበር። ልጁ በስልክ ስለ መብራቱ ሲያስረዳ የሰማችው እናት፣ የጠብታውን ነገር ያን ጊዜ ይበልጥ እንደገባት ተናግራለች።

ሦስተኛው ትምህርት ስለ ወለሉና ስለ ምግቡ ነው። በረሃ ሲባል አሸዋ ወደ ሐሳብ ይመጣል፤ ሆኖም ይህ እንስሳ የሚኖርበት ምድር አብዛኛው የጠጠረ ቀይ አፈር ነው። በተለይ ግልገሉ ልቅ አሸዋ ላይ ሲበላ አሸዋውን አብሮ ሊውጥና አንጀቱ ሊደፈን ይችላል። ወረቀት ወይም ሸካራ የወለል ሸክላ ለማጽዳትም ይቀላል፤ ጥፍሩንም ይሞርድለታል። ግልገል ሳለ አብዛኛው ምግቡ ነፍሳት ነው፤ ሲያድግ ግን ቅጠላ ቅጠል ይበዛለታል፤ የሐበሻ ጎመንም ይወዳል። የሚሰጠው ፌንጣ በሁለቱ ዐይኖቹ መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። አቮካዶ አይሰጠውም። በሌሊት እያበሩ የሚበሩት ጥንዚዛዎች ደግሞ መርዝ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ሊገድለው ይችላል።

ጋሼ በዚያ የብቸኝነት ወራት እንስሳው እንደ እሱ ብቸኛ መስሎት አዝኖ ነበር። አንድ ቀን «ለምን ሁለተኛ አንገዛለትም? ጓደኛ ይሁነው» አለ። ልጁ በጥብቅ ከለከለው። ጺማም እንሽላሊት ለብቻው የሚኖር ፍጥረት ነው። ሁለቱን በአንድ ሣጥን ማኖር ማለት ኃይለኛው ሙቁን ስፍራ ይዞ ደካማውን በብርድ እንዲቀጣው መፍቀድ ነው። አንዱ የሌላውን ጣት ወይም ጅራት ይነክሳል፤ የዚህ ወገን ጅራት ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ ተመልሶ አያድግም። ደካማው አንዳንዴ አንድ እጁን አንሥቶ ቀስ ብሎ ሲያውለበልብ ይታያል። የሚያየው ሰው ሰላምታ ይመስለዋል፤ ትርጉሙ ግን «ተሸንፌአለሁ፣ አትንካኝ» ነው።

እንስሳው ከምድሩ ጋር የተሳሰረበትን ጥልቀት የሚያሳይ አንድ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የዚህ እንሽላሊት ዕንቁላል ሙቀት ከ32 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ፣ በዘር ወንድ ሊሆኑ የነበሩት ሴት ሆነው ይፈለፈላሉ። እንዲህ ያሉት ሴቶች በዱርም ተገኝተዋል፤ ዕንቁላልም ይጥላሉ። ከተፈለፈለ በኋላ ደግሞ ቀለሙንም፣ ቅልጥፍናውንም፣ እንቅልፉንም ሙቀት ይወስናል። እንግዲህ መቆጣጠሪያውን በጣቱ የሚያዞር ሰው የሚያዞረው የሌላውን ፍጥረት ሕይወት መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ሕፃኗ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 አምስት ዓመት ሞላት። በዚያው ወር ከአሜሪካ የተሰማው ዜና አባትን መልሶ አሳሰበው፤ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ከጺማም እንሽላሊት ጋር በተያያዘ ሳልሞኔላ የታመሙ ሰዎች መኖራቸውን፣ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ሕፃናት መሆናቸውን አስታውቆ ነበር። አምስት ዓመት መሙላት አጥር አይደለም፤ አደጋውን ያቀልላል እንጂ አያጠፋውም። ቤተሰቡም እንደ ቀድሞው ሳይቸኩል መከረ። ወደ ሦስት መኝታ ቤት ተዛውረዋል፤ ልጁ 16 ዓመቱ ነው፤ የራሱም ክፍል አለው። ሣጥኑ በዚያ ክፍል ይቀመጣል፤ በሩም ይዘጋል። የእንስሳው ዕቃ በወጥ ቤት ገንዳ አይታጠብም፤ የራሱ ባልዲና የራሱ ስፖንጅ ተገዝቶለታል፤ ውኃውም ሽንት ቤት ይደፋል። እንስሳው ሳሎን አይለቀቅም፤ ምግብ ከሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ አይሳምም። የነካው ሁሉ ወዲያው በሳሙና ይታጠባል። አያትየው ከደብረ ብርሃን በስልክ ይህንን ሁሉ አስነግረው ካዳመጡ በኋላ «ማን ነው የሚቆጣጠረው?» ብለው ጠየቁ። እናት «እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለች። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ አልተቃወሙም።

ጋሼ ሣጥኑን በመኪናው ጭኖ ሲያመጣ ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። አምስት ዓመት አብሮ የኖረ ፍጥረት ነው። እንዲህ ያለው እንስሳ በደህና ቤት 10 ዓመት ገደማ ስለሚኖር፣ አሁን የዕድሜውን እኩሌታ ጨርሷል። ቀሪውን ዘመን ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ፣ ሥራ ሲፈልግ፣ ምናልባትም ከቤት ሲወጣ የሚያሳልፈው ነው። «ኃላፊነቱ ያንተ ነው» የተባለው ቃል ሙሉ ዋጋው የሚታየው ገና ነው። ጋሼም ይህን ስለሚያውቅ «ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሰንሻይን ቦታው አለ» ብሎት ሄደ።

በማግስቱ ታናሽ እኅት ከክፍሉ በር ላይ ቆማ፣ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ጺማም ፍጥረት ስታይ ቆየችና፣ «እስከ ዛሬ ለምን ጋሼ ቤት ኖረ?» ብላ ጠየቀች።

ወንድሟ የሣጥኑን ቴርሞሜትር እያነበበ ነበር። «አንቺ እስክታድጊ እየጠበቀ ነው» አላትና፣ ከመንካቷም በፊት ከነካችውም በኋላ እጇን እንድትታጠብ ወደ መታጠቢያው ላካት።